አንቺ ሆዬ እያለን የሚያስፈራ ድምፅ ከኢንተርኔት ማውረድ ለምን አስፈለገ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሕልም ስለሚመስሉና ተመልካቹን እረፍት ስለሚነሱ የውጭ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ስለ ምስላቸው በደንብ ተጽፏል፤ ስለ ድምፃቸው ግን አንድ መስመር አላየንም። እነዚህ ፊልሞች ሙዚቀኞችን ሲማርኩ የኖሩት በአብዛኛው በድምፃቸው ነው። አንቺ ሆዬን የመሰሉ ቅኝቶች ላሏቸው ለወሎ ፊልም ሠሪዎች ጉዳዩ በተለይ ስለሚጠቅም ይህችን ደብዳቤ ጻፍን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ ቡኑኤልና ሳልቫዶር ዳሊ በ1929 የሠሩት «የአንዳሉሲያ ውሻ» ድምፅ አልባ ፊልም ነበር። በመጀመሪያው ትርኢት ቡኑኤል ከስክሪኑ ጀርባ ቆሞ የዋግነርን ሙዚቃና የአርጀንቲና ታንጎን በግራሞፎን እያፈራረቀ አሰማ። ዓይን በምላጭ ሲሰነጠቅ በሚያሳይ ፊልም ላይ የጭፈራ ዜማ! የሚያስፈራ ምስል የሚያስፈራ ሙዚቃ እንደማያስፈልገው ያኔውኑ ታይቷል። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ ፒክሲስ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን ስለዚሁ ፊልም ዘፈነ።

ይኸው ቡድን ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንች ፊልም ከ«ኢሬዘርሄድ» ውስጥም ፒተር አይቨርስ የዘፈነውን ዜማ መልሶ ተጫውቶታል። በ1977 የወጣው ይህ ፊልም ከዳር እስከ ዳር የማሽን ጉምጉምታ፣ የእንፋሎት ፉጨትና የኤሌክትሪክ «እዝዝ» ነው። ሊንችና የድምፅ ባለሙያው አለን ስፕሌት ድምፁን የሠሩት በእጃቸው ነበር። ለአንዱ የመኝታ ቤት ትዕይንት ማይክ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው፣ ጠርሙሱን በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውኃ ላይ አንሳፈው፣ አየር እየነፉበት ቀዱት። ኋላ «ትዊን ፒክስ» የተባለው የሊንች ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ደግሞ አቀናባሪው አንጄሎ ባዳላሜንቲ «የሎራ ፓልመር ዜማ» የተባለውን የደረሰው ቀረጻው ሳይጀመር ነው፤ ሊንች አጠገቡ ቁጭ ብሎ ትዕይንቱን በቃል እየነገረው፣ እሱ በኪቦርድ እየተከተለ። የዳንስ ሙዚቃ ሠሪው ሞቢ ያንን ዜማ ሳምፕል አድርጎ (ቆርሶ ወስዶ) በ1991 ለዳንስ ቤት አበቃው። እኛ ዘንድ ማጀቢያ ሙዚቃ የሚታሰበው ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ሲያልቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ለማዳመጥ የምንመክረው የሩሲያዊውን ዳይሬክተር የታርኮቭስኪን «ስቶከር» (1979) ነው። ሦስት ሰዎች በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ተቀምጠው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የጎማው ቀጭ ቀጭታ መጀመሪያ ተራ የብረት ድምፅ ነው፤ አቀናባሪው ኤድዋርድ አርቴምየቭ ማስተጋቢያና ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ቀስ በቀስ ስለጨመረበት፣ ሐዲዱ መቼ ሙዚቃ እንደሆነ አይታወቅም። ለዋናው ዜማ የተጠቀመው ደግሞ ታር የተባለውን የአዘርባጃን ባለ ክር መሣሪያ ነው። ማሲንቆና ክራር ላለው አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸው የወሎ ስም ነው። አምባሰል ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል («ፍላት» ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ሶልን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላ ፍላትን ግማሽ ድምፅ ከፍ ስናደርግ አንቺ ሆዬን እናገኛለን፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። በክራር ላይ ሥራው ሁለት ክር መቃኘት ብቻ ነው። ሶል ዝቅ ሲል ግን ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ድምፅ ነው፤ የአውሮፓ አቀናባሪዎችም ለጭንቅ ትዕይንት የሚመርጡት ይህንኑ ርቀት ነው። እኛ ግን ሰርግ እንዘፍንበታለን። እንግዲህ የሰርጉን ዜማ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ከበሮ፣ በአንድ ማሲንቆ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ባዶ ቤት በሚያሳይ ትዕይንት ላይ አድርጉት። ቡኑኤል በታንጎ የሠራው ይኸው ነው። የሚያበላሸው ኪቦርዱ ነው፦ ከሥሩ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል የሚል ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ሦስት ድምፆች) ሲገባ ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ይጋጩበታል፤ የሚሰማውም ፍርሃት ሳይሆን የቅኝት ስሕተት ነው። ኪቦርድ የግድ ካስፈለገ ዶንና ፋን ብቻ ይያዝ።

ስለ መብራት «እዝዝታ» ደግሞ። ኤዲተሮች መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው፤ እኛ ግን ከንግግሩ ሥር ብቻ ይጥፋ እንላለን። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ስለሆነ «እዝዝታው» በ100 እና በ200 ኸርዝም ይሰማል። ሶል ደግሞ 98 እና 196 ኸርዝ ላይ ነው። ቤዝ ክራር ሶልን 98 ላይ ሲይዝ ከ100ው ጋር በሰከንድ 2 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይፈጠራል፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ካለ (ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን) 4 ጊዜ። ተመልካቹ ምን እንደረበሸው ሳያውቅ የሚረበሸው በዚህ ነው። ትዕይንቱ ሰላም እንዲያገኝ ሲፈለግ የመቃኛውን መነሻ፣ ላን፣ ከ440 ወደ 449 ኸርዝ ከፍ ማድረግ ነው፤ ክራሩና መብራቱ አንድ ይሆናሉ። ጀነሬተር ግን ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ በዚያው ቀን ካልተለካ ስሌቱ አይሠራም።

የቦታ ድምፅ በዙሪያችን ሞልቷል። በሰኞ የባቲ ገበያ የተቀዳ የግመል ድምፅ በግማሽ ፍጥነት ሲዘገይ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ እንስሳ ይሁን ሰው አይለይም። የወፍጮ ቤት ድምፅም እንዲሁ ነው። በስልክ ሲቀዳ የስልኩ ራስ ሰር የድምፅ ማስተካከያ ጸጥታውን ወደ ላይ ስለሚስበው የሩቁና የቅርቡ ልዩነት ይጠፋል፤ ማስተካከያውን ማጥፋትና ከፍተኛውን ድምፅ ከዜሮ (ድምፁ መሰባበር ከሚጀምርበት ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል ላይ መያዝ ይገባል። በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና (48 ኪሎኸርዝ) እየተወሰደ የተቀዳ ድምፅ የሚይዘው እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ በ4 እጥፍ ሲዘገይ ከ6 ኪሎኸርዝ በላይ ምንም ስለማይቀርለት ደብዛዛ ይሆናል፤ ስለዚህ ከ2 እጥፍ በላይ አታዘግዩ። ጦሳ ተራራ ላይ የሚቀዳ ሰው የማይክ መሸፈኛ ከሌለው የሚያገኘው ንፋስ ብቻ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፦ አብዛኛው ሰው ፊልሙን በስልክ ነው የሚያየው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ አያሰማም። ለሲኒማ የተሠራው 50 ኸርዝ ጉምጉምታ በ200 እና በ400 ኸርዝ ካልተደገመ ተመልካቹ ጸጥታ ብቻ ይሰማል።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲያስገባ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ መንገድ ሲጀምር ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ሰውዬው መኪናው ውስጥ የሚሰማው እሱን ነው። ያ ፊልም ኢትዮ ጃዝን ከዚያ በፊት ሰምቶት ለማያውቅ ብዙ ጆሮ አድርሷል። የወሎ ቅኝት በወሎ ፊልም ውስጥ ለክሬዲት መሮጫ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነናል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ አገር ውስጥ ፊልም ስትጽፉ፣ ከዳይሬክተሩና ከተዋናዩ ስም ቀጥሎ ድምፁን የቀዳውንና ማጀቢያውን የሠራውን ሰው ስም ጻፉ፤ በየትኛው ቅኝት እንደተሠራም ጠይቁት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በፊልም ድምፅና በሙዚቃ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ደሴ