5 ሚሊ በ45 ላይ

ሰላምሽ ይብዛልኝ እህቴ፣

ይህን ያህል ድምፄን ማጥፋቴን ታዝበሻል፤ ልክ ነሽ። ጅማ ክረምቱ ገብቷል፣ ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ ሁላችንም ደህና ነን። ይልቅ ለላቦራቶሪ ትምህርት ክፍላችሁ ማንን ብንቀበል ይሻላል ላልሽኝ መልስ ልስጥሽ።

የ12ኛ ክፍሉን ድምር ውጤት በየትምህርቱ በትኚው። ድምራቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች በሒሳብና በኬሚስትሪ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። «50 ሚሊ የ10 በመቶ ጊምሳ» (የወባ ስላይድ ማቅለሚያ) «አዘጋጅ» ስትዪ ልዩነቱ ይወጣል፦ 5 ሚሊ ከስቶኩ (ካልቀጠነው ማቅለሚያ)፣ 45 ሚሊ ፒኤች 7.2 ከሆነው ባፈር (ማቅጠኛው ፈሳሽ)። የሳተው 5ቱን በ50 ላይ ይደፋና 55 ያደርገዋል። ለማቅለሙ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ያው ልማድ ግን በተከታታይ ማቅጠን ላይ 1 ለ10 የሚለውን 1 ለ11 ያደርገዋል፣ ሦስቴ ሲደገም 1,000 መሆን የነበረበት 1,331 ይሆናል። ተማሪው ስህተቱን አያየውም፤ ፈሳሹ ያው ፈሳሽ ነው።

የገቡትን ብቻ ይዛችሁ የመግቢያ ውጤትን ከጂፒኤ ጋር ብታስተያዩ ዝምድናው ደካማ ሆኖ ይታያችኋል። መግቢያው አይረባም ብለሽ እንዳትደመድሚ፤ ዝቅተኞቹን በር ላይ መልሳችሁ የቀሩት ተቀራራቢ ስለሆኑ ነው። ያቋረጡትንም ከፋይሉ አታውጪ። የተለያየ ዓመት ፈተና እንዳለ አይደባለቅም፤ የእያንዳንዱን ውጤት ከዓመቱ አማካይ ቀንሰሽ በዚያው ዓመት ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ውጤቶቹ ከአማካዩ የተበተኑበት መጠን) አካፍይው።

ጂፒኤ ራሱ አብዛኛው የንድፈ ሐሳብ ፈተና ነው። እዚህ ተማሪው ለማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ገጠር ቀበሌ ሲወርድ የሚለየው ጣት ከመውጋቱ በፊት ስላይዱ ላይ መለያ መጻፉ፣ «ወባ የለም» ከማለቱ በፊት 100 ፊልድ (በማይክሮስኮፕ በአንዴ የሚታይ ክብ ቦታ) ማየቱ ነው። አንዱኑ ስላይድ ሳትነግሪው በሁለት የተለያዩ ቀናት ስጪው፣ ንባቡ ይስማማ እንደሆነ መዝግቢ።

ቃለ መጠይቁን ተዪው፣ አንደበተ ርቱዕ ያሸንፍበታል። በምትኩ ውኃ፣ የምግብ ቀለም፣ ሲሪንጅና ባለ ስድስት ደረጃ የተጻፈ መመሪያ ለ15 ደቂቃ ስጡ፤ ሁለት መምህራን ሳይተያዩ ያርሙ። በኢሺሃራ (ባለ ቀለም ነጠብጣብ የቁጥር ካርዶች) የቀለም ዕይታም ይታይ፤ ለማባረር ሳይሆን በዚል ኔልሰን (የቲቢ ማቅለሚያ) ሰማያዊ መደብ ላይ ቀዩን ባሲል (ዘንግ መሰል ባክቴሪያ) ለማየት የሚቸገረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

የሦስት ዓመቱን የውጤት ኤክሴል የተማሪዎቹን ስም ሰርዘሽ ላኪልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ ከጅማ