ለልጄ፤ ብርሃኑ ሳያመልጥህ ውጣ

ልጄ፣

እህትህ እንዳልነገረችኝ ቁጠረው፤ እሷንም እንዳትቆጣት። ቅዳሜ በቪዲዮ ስታገኝህ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር አለችኝ። አንተ አልጋ ውስጥ ነህ፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ፊትህ የሚታየው በስልኩ መብራት ብቻ ነው። "ገና አልነጋም እንዴ እዚያ?" ብላ ስትስቅብህ "ነግቶ መሸ" አልካት። እሷ ቀልድ መስሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ለአባትህ አልነገርኩትም፤ የደም ግፊቱን ነገር ታውቃለህ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ባለፈው እሑድ ስትደውል "ይሄ ስንፍና ነው፣ ተነስና ሥራህን ሥራ" አልኩህ። ዝም ብለህ ቆየህና "እሺ እማ" ብለህ ዘጋኸው። ያቺን "እሺ" አውቃታለሁ። ሕፃን ሆነህም ሲከፋህ አታለቅስም ነበር፤ "እሺ" ብለህ ከጠረጴዛው ሥር ትገባለህ። ስንፍና አይደለም፣ ልጄ። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ስማኝ፦ ብርሃኑ ሳያመልጥህ ውጣ። ብርድ ቢሆን፣ ደመና ቢሆን፣ ፈተና ቢኖርብህ፣ በየቀኑ ውጣ።

እስቲ ሰዓቱን ቁጠረው። ያለህበት የሰሜን ከተማ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገባለች። ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንተ ሰባት ሰዓት ላይ ነቅተህ፣ ስልክህን ስትነካካ ቆይተህ፣ ፊትህን ታጥበህ ቀና ስትል ቀኑ አልቋል። የቀረው 18 ሰዓት ሌሊት ነው። የባሰም አለ። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ የሚባለው ከተማ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም፤ ቀትር ላይ ሰማያዊ ጭላንጭል ይታይና ይጠፋል። አላስካ ያለችው ፌርባንክስም በዓመቱ አጭር ቀን የምታገኘው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ብርሃን ነው። እዚያም ሰው ይኖራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ይስቃል። መጋረጃ ዘግቶ ግን አይደለም።

ነገሩ ስም አለው፤ የክረምት ድባቴ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ አሳወቀው። የሚገርምህ፣ ሰውዬው ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ነው፤ በፀሐይ አድጎ ሰሜን ሲገባ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉልበቱ ሲከዳው በራሱ ላይ አይቶታል። ምልክቱን ላንብብልህ፣ አንተ ራስህን እይበት፦ ብዙ መተኛት፣ ተኝቶም አለመጥገብ፣ ዳቦና ጣፋጭ ማሳደድ፣ ሰው መሸሽ፣ ትናንት ደስ ይል የነበረው ነገር ዛሬ ባዶ መሆን። ዓይን ጠዋት በቂ ብርሃን ካላየ ሰውነት መንጋቱን አያምንም፤ የእንቅልፉ ሰዓት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንተ "እንቅልፌ ተበላሸ" የምትለው እሱን ነው።

ስለዚህ ከአራት ሰዓት በፊት ተነስ። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን። ጠረጴዛህን ከግድግዳው አንሥተህ መስኮቱ ሥር አድርገው፤ ባለፈው ክፍልህን ስታሳየኝ መስኮቱ ላይ የተደገፈው ሻንጣህ ነበር፣ ሻንጣ ብርሃን ምን ያደርግለታል? ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ደጅ ተራመድ። "ደመና ነው፣ ምን ዋጋ አለው" እንዳትለኝ። የተደመነ ቀትር እንኳ ከክፍልህ አምፖል ብዙ እጥፍ ይበራል፤ ዓይን ስለሚለምደው ነው ልዩነቱ የማይታወቀን።

የብርሃን ሳጥን የሚባል መብራትም አለ። 10,000 ሉክስ የሚለውን ፈልግ፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው፣ ከዚያ ያነሰው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እንደተነሳህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከፊትህ ታስቀምጠዋለህ፤ አፍጥጠህ አታየውም፣ እያነበብክ ፊትህ ላይ ይበራልሃል። ጠዋት ነው፣ ማታ አይደለም፤ ማታ ካበራኸው ጭራሽ እንቅልፍ ይነሳሃል። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ወይም ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ የሚግል አንዴ የሚወርድ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይጠቀምበትም። ሐኪም ቤት ስትሄድ የቫይታሚን ዲ መጠንህን በደም ምርመራ እንዲያዩልህ ጠይቅ። እዚያ ሰሜን ላይ በክረምት ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ቆዳችን ቫይታሚኑን ሊሠራ አይችልም፤ የኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ቢሆን ከነጮቹ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ኪኒኑን ግን በግምት አትዋጥ፤ ስንት እንደሚያስፈልግህ ሐኪሙ ይንገርህ።

አሁን ወደ ጆሮህ ልምጣ፤ በዚህ ተናድጃለሁ። ፌርማታ ላይ ጆሮህ ነጭ ሆኖ በበረዶ አሸሁት ብለህ እየሳቅህ ነገርከኝ። አንተ ልጅ! ውርጭ የመታውን አካል ማንም አያሸውም፣ በበረዶማ ጭራሽ። የደነዘዘው ሥጋ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት አለ፤ ስታሸው ራስህ ትቆርጠዋለህ። ቆዳህ ነጭ ወይም ሰም የመሰለ ከሆነና ካልተሰማህ ቤት ግባ፣ በእጅህ መዳፍ ሸፍነው፣ ጣት ከሆነ ብብትህ ሥር አድርገው ወይም ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆየው። ማሞቂያው ላይ አትለጥፈው፤ ስለማይሰማህ ትቃጠላለህ። ቀለሙ ካልተመለሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት፣ በዚያው ሰዓት።

ስልክህ ላይ የምታየውን ዲግሪ ብቻ አትመን። ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ፊትህ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ነው፤ በዚያ ላይ የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊመታ ይችላል። ኮፍያ ጆሮ ይሸፍን። ጂንስ ለብሰህ በረዶ ውስጥ አትሂድ፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ሙቀትህን ይጠጣዋል። ከሥር ላብ የሚያወጣ ስስ፣ ከመሃል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ። ሲሞቅህ ዚፑን ክፈት፣ ሳታልብ። ላብህ ነው በኋላ የሚያቀዘቅዝህ። ደግሞ ካልሲ ደርቤያለሁ ብለህ ደስ አይበልህ፤ ጫማው ከጠበበ ደም አይደርስም፣ ጣትህ በሁለት ካልሲም ይደነዝዛል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቡት ጫማ በቂ ነው። ስኒከሩን ለበጋ አስቀምጠው። ጓደኞችህ ሲጠጡ "ያሞቃል" ቢሉህ አትስማቸው፤ መጠጥ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀት የመጣልህ ያስመስልሃል እንጂ ያለህን ነው የሚያፈስልህ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ዋናውን እየሸሸሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

አልበሙ ላይ ከእኔ ጋር የቆመችውን ባለ ቀይ ኮፍያ ታስታውሳታለህ። ሁለታችሁም "ይቺ ማናት?" እያላችሁ ስትጠይቁ "የትምህርት ቤት ጓደኛ" ብዬ ገጹን እገልጣለሁ። እኔ ሰሜን ስማር ለአንድ ዓመት አንድ ክፍል የኖርን ልጅ ናት። ፎቶውን ኦክቶበር ላይ ተነሳነው። ሳቂታ ነበረች፤ እኔ የማልደፍረውን ሁሉ የምትደፍር። ኖቬምበር ሲጋመስ የጠዋቱን ክፍል ተወችው። ዲሴምበር ላይ ቀኑን ትተኛለች፣ ሌሊት እየተነሳች ዳቦ ትበላለች፣ ትራሷ ሥር ፍርፋሪ አገኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? ሰነፍ ናት አልኩ። ጠዋት ስለባብስ መብራቱን ሆን ብዬ አበራባታለሁ፣ የቁም ሣጥኑን በር አላትማለሁ። አንድ ቀን ከብርድ ልብሱ ሥር "ጠዋቱ እኮ አልመጣ አለኝ" አለችኝ። "ለሌላው ሁሉ መጥቷል" ብያት ወጣሁ። በሩን የዘጋሁበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ቀን እንኳ "ነይ አብረን እንውጣ" አላልኳትም። ሕንፃውን ዞሮ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ሄደች። ቻው ስትለኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ቀና ብዬ በደንብ አላየኋትም።

ማርች ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ፣ ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ካለው ጣራ በላይ ወጥታ በመስኮቱ ገብታለች። የወደቀችው የእሷ አልጋ ላይ ነው። አንሶላ የሌለው ፍራሽ፣ መሃሉ የጎደጎደ፣ አንዱ ቁልፉ የተበጠሰ። ቁጭ ብዬ እጄን አስቀመጥኩበት፤ ሞቆ ነበር። በኋላ ነው የተማርኩት፣ እዚያ ኬክሮስ ላይ ፌብሩዋሪ ውስጥ ቀኑ በየዕለቱ 5 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። እሷ የሄደችው ብርሃኑ መመለስ በጀመረበት ወር ነው። ሁለታችንም አልቆጠርነውም። አድራሻዋን አልያዝኩም፣ ስሟን ባሰብኩ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ያንኑ ቃል ላንተ አልኩት፤ ለልጄ።

በቃ። የማነሳው እንድታዝንልኝ አይደለም፣ ቀኑን እንድትቆጥር ነው። ከዲሴምበር 21 በኋላ ቀኑ ማደግ ይጀምራል፣ ግን ጠዋቱ ለተወሰኑ ቀናት ገና ወደ ኋላ እየቀረ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ የሚረዝመው ከሰዓት በኋላው ነው። ብርዱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ናቸው ክፉዎቹ። ብርሃኑ ተመለሰ ብለህ ኮፍያህን እንዳትጥል፣ ብርዱ ከፋ ብለህም ቤት እንዳትቀር። ብርሃኑ ሳያመልጥህ ውጣ። ብቻህን መውጣት ካቃተህ በሰዓቱ ደውልልኝ፤ በስልኩ ውስጥ አብሬህ እራመዳለሁ። ስልኩን ግን የውስጥ ኪስህ ውስጥ አድርገው፣ ባትሪው በብርድ ሳይታሰብ ይሞታል፤ ጆሮ ላይ በሚሰካው ነው የምናወራው፣ እጅህ ከጓንት አይውጣ።

አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅህ። ምነው ባልኖርኩ የሚያሰኝ ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? ከመጣ አትፈር፣ ለእኔ ብለህም አትደብቅ። ለሐኪም ንገር፤ ሌሊት ከሆነ የአስቸኳይ ጊዜ ስልኩን ደውል፣ ከዚያ እኔን ቀስቅሰኝ። አልቆጣም። የክረምት ድባቴ መድኃኒትም የንግግር ሕክምናም ያለው ነገር ነው፤ ቀጠሮ ያዝና ቀኑን ላክልኝ፣ ካላክህ እኔ በየቀኑ ነው የምጠይቅህ።

ደግሞ ከእነዚያ ልጆች ጋር በሌሊት በመኪና ሩቅ እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ፤ ይሄንንም እህትህ አልነገረችኝም። በረዶ ውስጥ ከተያዛችሁ ከመኪናው ወጥታችሁ ለእርዳታ በእግር እንዳትሄዱ። ማርሚታው በበረዶ መደፈኑን አይታችሁ ጥረጉ፣ ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ አንዱን መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ እያስተኛ ነው የሚገድለው። ብርድ ልብስና ባትሪ ከኋላ ይኑር።

ነገ ቀትር ላይ፣ ስድስት ሰዓት፣ እጠብቅሃለሁ። ደጅ ሆነህ ነው የምትደውለው። ቡት ጫማውን ከገዛህ ደግሞ ፎቶ ላክልኝ፤ ከላይ አይደለም፣ ገልብጠህ ሶሉን። ጥርሱ ጠለቅ ያለና ጎማው ለስላሳ ካልሆነ እዚያው ቀን መልሰው።

እናትህ