ለደንበኞቻችን፦ ጠረጴዛዎ ለምን ሁለት ቀለም ሆነ?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን አንዲት ደንበኛችን ደወሉልን። «ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ዓይነት እንጨት ቀላቅላችኋል» አሉ። አልቀላቀልንም፤ ሁሉም ዋንዛ ነው። ግን ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ቀድመን ማስረዳት ነበረብን።

የዋንዛ ግንድ ሲሰነጠቅ መሃሉ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ወደ ቅርፊቱ የቀረበው ዳሩ ደግሞ ነጣ ይላል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በዚህ በነጩ በኩል ነው። መሃሉ ይህን ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ቀለሙን የሚያጠቁሩት በጊዜ ብዛት የተጠራቀሙበት ነገሮች ናቸው። ነቀዝም እሱን ቶሎ አይደፍረውም፤ ነጩን ግን ይወደዋል። ስለዚህ ነጭ የበዛበትን ጣውላ በረንዳ ላይ ለሚውል ዕቃ አንሠራበትም።

ጉጥ ሌላው ጥያቄ ነው፤ በተለይ የፈረንጅ ጥድ ላይ። ጉጥ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ነው። ቅርንጫፉ በሕይወት ሳለ የተያዘ ጉጥ ከእንጨቱ ጋር አንድ ይሆናል። የደረቀ ቅርንጫፍ ጉጥ ግን አንድ ቀን ወልቆ ቀዳዳ ሊተው ይችላል።

እኛ ጋ «አንደኛ» የምንለው ጉጥ የሌለውን፣ ቀለሙም የተቀራረበውን ነው። «ሁለተኛ» ነጭ መስመርና ጥብቅ ጉጥ ያለበት ነው። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የመልክ ነው። ትልቅ ጉጥ ግን ያዳክማል፤ የወንበር እግር ላይ ፈጽሞ አናስገባውም። ከሁለቱ ደረጃ ውጭ የቀረው ጣውላ ለብፌ ጀርባ ይሆናል።

ደግሞ ዋንዛ እንደተላገ አይቀርም። ብርሃን ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል። ረከቦት ለወራት ከአንድ ቦታ ካልተነሳ ሥሩ ፈዝዞ ይቀራል። ቫርኒሹ ተበላሽቶ አይደለም። ረከቦቱን ያንሱት፤ ቦታው ቀስ በቀስ ሌላውን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕቃውን ማዘዋወር ይሻላል።

አንድ ወጥ ቀለም ለሚፈልግ ቀለም ያለው ቫርኒሽ እንቀባለን። እውነቱን ለመናገር፣ ባንቀባው ደስ ይለናል።

ከእንግዲህ ጣውላውን ከመቁረጣችን በፊት እንደውልልዎታለን። መጥተው ይምረጡ። በቴሌግራም የምንልከው ፎቶ ቀለሙን ያሳስታል፤ ከቻሉ ሳይመሽ ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ቤታችሁ