ኩኩሉ፣ ነግቷል

ሚጣዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ጋሼስ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። እትዬ ያረፉ ጊዜ ደወልኩ፣ አልተነሳም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም ወጣ። አጉርሰው ላሳደጉኝ ሴት ለቅሶ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እንደምደውል ጠፋኝ። አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። ከልጄ ጋር አንድ የተደበቀ ሳጥን ፍለጋ ወጥተን ነበር።

ጂኦካሺንግ ይሉታል። እንደኛ ድብብቆሽ ነው፤ የሚደበቀው ግን ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። አንዱ ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ደብተር ከቶ ይሸሽግና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ደብተሩ ላይ ይፈርምና ሳጥኑን ወደ ቦታው ይመልሳል። ከውስጡ ዕቃ ከወሰደ ደግሞ ሌላ ይተካል። ድሮ የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ሰው በሚደርሰው የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይጨምር ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. በግንቦት መጀመሪያ ያንን ሲያነሳ፣ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አወጣ። ጨዋታው ከዚያ ተነሳ። ዛሬ ዓለምን አዳርሷል።

የኛን ፍለጋ ያዘጋጀችው ጡረታ የወጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቦታው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ያለው ደምባርተን ኦክስ ፓርክ ነው። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ምንም መደበቅ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የምንፈልገው መልስ ብቻ ነበር። መልሶቹ ቁጥሮች ናቸው። ሲገጣጠሙ ሳጥኑ ያለበትን ቦታ ይሰጣሉ፤ እሱ ደግሞ ከፓርኩ ውጭ፣ በራሷ ግቢ ነው።

ከአር ስትሪት ወርደሽ «የፍቅረኞች መንገድ» በሚሉት ቁልቁለት ትሄጃለሽ። ከዚያ በግራ በኩል ጫካው ይቀበልሻል። ጫካ ይመስላል እንጂ የሰው እጅ ሥራ ነው። ሚልድረድና ሮበርት ብሊስ የሚባሉ ባልና ሚስት ቤቱንና መሬቱን በ1920 ገዙ። አትክልቱን የነደፈችላቸው ቢያትሪክስ ፋራንድ ናት። በ1899 የአሜሪካ የመሬት ገጽታ ነዳፊዎች ማኅበር ሲመሠረት ከ11ዱ መሥራቾች ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ቤቱ አጠገብ ሁሉም ነገር በልክ የተቆረጠ ነው። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ግን አትክልቱ እየተፈታ፣ እየተለቀቀ ሄዶ ጅረቱ ጋ ዱር ይሆናል። በ1940 የላይኛውን ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ 27 ኤከር የሚሆነውን የታችኛውን ጫካ ለመንግሥት ሰጡት። 1940 የመጀመሪያው መልሳችን ነበረች፣ 1899 ሁለተኛዋ።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ፏፏቴዎቹ ነው። ፋራንድ ጅረቱን በትንንሽ የድንጋይ ግድቦች እየከፋፈለች ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ አድርጋዋለች። ሲሠሩ 18 ነበሩ። እኛ 18 ማግኘት አቃተን። አንዳንዱን ደለል ሞልቶታል፣ አንዳንዱ ፈርሷል። ከላይ ካለው አስፋልትና ጣራ ዝናቡ ተጠራቅሞ በአንዴ ይመጣና ዳሩን ይንደዋል። ሐረጉም ዛፎቹን አንቆ ይዟል። በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ይነቅላሉ፣ ይተክላሉ። ሲሠሩ አይቼ አንጀቴ ራሰ።

ልጄ ግድብ ልትቆጥር ወደ ላይ ስትሮጥ እኔ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደወል የመሰሉ ሰማያዊ አበቦች መሬቱን ሞልተውታል። አንዱ ፏፏቴ ይንሾካሾካል፣ ቀጥሎ ያለው ይንፏፏል። ይሄኔ ከላይ ከዛፉ ኋላ «ማሚ፣ ፈልጊኝ!» ብላ ጮኸች። ሳላስበው «ኩኩሉ!» አልኩ። ከአፌ የወጣው እንደ ድሮው ነው። «አልነጋም» የሚል ሰው ጠበቅሁ። እሷ የት ታውቀዋለች? ዝም አለች።

የእናንተ ግቢ መጣብኝ። በር ላይ ጽጌረዳው፣ ከቧንቧው ሥር ጤና አዳሙ፣ ከጓሮ ጌሾው። ፊት ለፊት ሁሉም በሥርዓት ነው፤ ጓሮው ግን ጫካ ነበር። አንቺ ሁልጊዜ ጌሾው ውስጥ ነበር የምትደበቂው። እትዬ ማድቤት በር ላይ ቆመው «ጌሾዬን እንዳትረግጡ!» ይሉናል። የት እንዳለሽ እያወቁ ግን አንድም ቀን አልነገሩብሽም። ስንት ዓመት ሙሉ ያልወጣልኝ እንባ እዚያ ድንጋይ ላይ ወጣ። ለቅሶዬን የተቀመጥኩት እዚያ ነው፣ ሚጣዬ።

ሳጥኑን አገኘነው። አጥሩ ሥር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኖት ነበር። ደብተሩ ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ፊርማ ከነቀኑ ተደርድሯል። ልጄ አንዲት የብርጭቆ ብይ ወሰደችና ምን እንተካ አለችኝ። የቁልፌ መያዣ ላይ ያለችውን 50 ሳንቲም አየች። ቦሌ ስንለያይ ከቦርሳሽ አውጥተሽ የሰጠሽኝን። እሷን አልሰጥም አልኩ። የፀጉሯን ማስያዣ ተካን። ከዚያ ሦስት ስም ጻፍኩ፤ የልጄን፣ የእኔን፣ ያንቺን።

ጌሾው አሁንም አለ? ንገሪኝ። ጓሮውን ማን ይንከባከበዋል? እትዬ የት እንዳረፉም ንገሪኝ፤ ስመጣ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው።

ቅዳሜ በእናንተ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳሽ እሁድም እደውላለሁ፣ ሰኞም።

ያንቺዋ