ሱቁ ሲዳከም የእኛ ገንዘብ የት ይደርሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጋዜጣችሁን እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ እያነሳሁ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ ጫማ፣ ስለ ድንኳንና ስለ አንድ ጊፍት ካርድ ነው። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን ትንሽ አልሆነም።

ስምንት ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን ሃምሳን አልፈናል። ስኳር ያለብን አለን፣ ደም ግፊት ያለብን አለን። ሐኪም ተራመዱ ሲለን በቼሪ ክሪክ ግድብ ዙሪያ ጀመርን። ቅዳሜ በጠዋት፣ ሻይ በፔርሙስና ዳቦ ይዘን። እየቆየ ልባችን ወደ ተራራው ሄደ። ባለፈው ጁላይ አራታችን ቢርስታት የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ ወጣን። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አንዷ ጫፉ ላይ ቆማ እልል ስትል አጠገባችን የነበሩት ፈረንጆች አጨበጨቡልን።

እዚህ ተራራ ላይ ዕቃ ቀልድ አይደለም። በበጋ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል። መብረቅ አለ፣ በረዶ አለ። ስለዚህ ሳይነጋ ተነስቶ ከቀትር በፊት ቁልቁል መመለስ ነው። የዝናብ ጃኬት ሳይዙ አይወጣም። ከሁሉም በላይ ግን ጫማ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ማንኛውም ጫማ ይችላል። ጉዱ የሚታየው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ይውልና ማታ ጥፍሩ ይጠቁራል። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዎቻችሁ ያውቁታል።

ለዚህ ሁሉ የምንሄደው ወደ አንድ የታወቀ የካምፒንግና የስፖርት ዕቃ መደብር ነበር። ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ስሙን አልጠራም። ሠራተኞቹ እንጀራቸውን የሚበሉት እዚያ ነው፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም።

የዛሬ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዬን የተራራ ጫማ የገዛሁት እዚያው ነው። አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሠራተኛ አስቀመጡኝ። ካልሲዬን አይተው ቀጭን ነው አሉና ወፍራም የሱፍ ካልሲ አመጡልኝ። አቁመው በብረት መለኪያው ሁለቱንም እግሬን ለኩ። ቀኜ ከግራዬ ትንሽ ይበልጣል። ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር። "ሁልጊዜ በትልቁ እግር ግዢ" አሉኝ። ጥግ ላይ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራች ትንሽ ዳገት ነበረች። በእሷ ላይ አውጥተው መልሰው አስወረዱኝ። "ጣትሽ ነካ?" ነካ። ግማሽ ቁጥር ጨመሩ። እንደገና ወረድኩ። ሦስት ጥንድ አስለክተው በአራተኛው "ያንቺ ይሄ ነው" አሉኝ። ዋጋው 165 ዶላር ነበር። በጊዜው ከብዶኛል። ግን ከሰባት ዓመት በላይ አገለገለኝ፤ አንድም ጥፍር አልጠቆረብኝም።

ከቢርስታት ስንወርድ ሶሉ ተላቀቀ። በማሰሪያው ጠፍሬ አስሬ እያዘገምኩ መኪናው ጋ ደረስኩ። ኦገስት ላይ ሌላ ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ።

ያቺ ዳገት ቦታዋ አለች። ላይዋ ላይ ግን የቅናሽ ኮፍያ የሞላበት ካርቶን ተቀምጦባታል። መደርደሪያው ላይ ያለው ለማሳያ የተቀመጠው አንድ እግር ጫማ ብቻ ነው። የሚጠየቅ ሰው ፍለጋ ሱቁን ሁለቴ ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት አገኘሁ። ሂሳብ የሚቀበለው እሱ፣ ጫማ የሚያመጣው እሱ፣ ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው። በቁጥሬ እንዳለ ጠየቅኩት። "ኦንላይን እዪው" አለኝ። ኦንላይን ደግሞ "በዚህ ቅርንጫፍ ይገኛል" ይላል። ስልኬን አሳየሁት። "ሲስተሙ ነው" አለና መሬት መሬት አየ። ልጁ አሳዘነኝ። እዚያ ብቻውን ጥለውት የሄዱት ሰዎች ናቸው መልስ መስጠት የነበረባቸው።

መርካቶ ቢሆን ነጋዴው ዕቃው ባይኖረው "አንድ ጊዜ ጠብቂኝ" ብሎ ከጎረቤቱ ያመጣል። ደንበኛውን ባዶ እጁን መስደድ ያሳፍረዋል። እዚህ የጠፋብኝ ያ ነው።

የጊፍት ካርዱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሜይ ላይ የአንዷ ጓደኛችን ልጅ ከኮሌጅ ተመረቀች። ድንኳን እንደምትፈልግ እናውቃለን። ሰባታችን 30፣ 30 ዶላር አዋጥተን የ210 ዶላር ካርድ ከዚያው ሱቅ ገዛንላት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ ድንኳን የለም። ኦንላይን አዘዘች። "በአምስት ቀን ይደርሳል" አሏት። ከዚያ ቀኑ ተገፋ። እንደገና ተገፋ። በ19ኛው ቀን ትዕዛዙ ተሰረዘ የሚል ኢሜይል መጣ። ገንዘቡ ወደ ካርዱ እስኪመለስ ሌላ ሁለት ሳምንት። ስልክ ደውላ 47 ደቂቃ ሙዚቃ ስታዳምጥ ቆይታ መስመሩ ተቋረጠ። በኋላ ፍርሃት ያዛት። ሱቁ ይዘጋል የሚል ወሬ ሰምታለች። ሄዳ ያልፈለገችውን የመኝታ ምንጣፍና የራስ መብራት በ148 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገዛች። ከሚቀር ብላ። ላም አለኝ በሰማይ ከመሆን ይሻላል ብላ።

አንባቢ የሚያውቀው ቢሆንም ልድገመው። ኦንላይን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን ቃል በገባው ቀን፣ ቀን ካልጠቀሰ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው። ካልቻለ ለገዢው ነግሮ "ትጠብቂያለሽ ወይስ ይሰረዝ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም። በቃ ቀኑን ይገፉታል።

ሱቆቹ እንዲህ የሚሆኑት ለምንድን ነው? አምራቾች ዕቃ የሚያስረክቡት በዱቤ ነው። ሱቁ መክፈል እያቃተው መሆኑን ሲሰሙ "ቅድሚያ ክፈል" ይላሉ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሱቅ መደርደሪያው ይሳሳል። መደርደሪያው ሲሳሳ ገዢ ይሸሻል። ገዢ ሲሸሽ ሠራተኛ ይቀነሳል። ጫማ የሚለኩት ሽማግሌ የሚሄዱት ያኔ ነው። በዚያ ላይ የኮቪድ ጊዜ ትርፍ አታለላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ሰው ሁሉ ከቤት መውጫ ሲፈልግ ድንኳንና ብስክሌት ጠፍቶ ነበር። ብዙዎቹ ያ ገበያ የሚቀጥል መስሏቸው መጋዘን ሞሉ። ድንኳን የገዛ ሰው ግን በዓመቱ ሌላ ድንኳን አይገዛም።

እኛ ኮሎራዶ የምንኖር ሰዎች የዚህን መጨረሻ በዓይናችን አይተናል። ስፖርትስ ኦቶሪቲ የሚባለው የስፖርት ዕቃ ሻጭ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ኢንግልዉድ ነበር። በ2006 አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት በብድር ገዛው። ዕዳው በኩባንያው ትከሻ ላይ ተጫነ። ማርች 2016 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ያኔ ከ450 በላይ ሱቆች ነበሩት። መጀመሪያ የተወሰኑትን ብቻ እንዘጋለን አሉ። በጋው ሳያልቅ ሁሉም ተዘጉ። ጊፍት ካርድ የያዘ ሰው እስከ ጁን መጨረሻ ገደማ ተጠቀምበት ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ፕላስቲክ ብቻ ሆነ። ስሙንና የደንበኞቹን መዝገብ ተፎካካሪው ዲክስ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። እስቲ አስቡት። የገዢው ኢሜይል ዋጋ አወጣ፣ በእጁ ያለው ካርድ ግን አላወጣም። ደንቨር መሃል ያለው የብሮንኮስ ስታዲየም ላይ የተለጠፈው የኩባንያው ስም እንኳ እስከ 2018 መጀመሪያ አልወረደም ነበር። በአውራ ጎዳናው ባለፍኩ ቁጥር አየው ነበር።

ዕቁብ ለሚጥል ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ጊፍት ካርድ ማለት ተራህ ሳይደርስ ገንዘብህን ለዕቁብ ዳኛው መስጠት ነው። ዳኛው ከጠፋ ገንዘቡም ጠፋ። ሱቅ ሲከስር ካርድ የያዘ ሰው እንደ አበዳሪ ነው የሚቆጠረው። ያውም መያዣ እንደሌለው አበዳሪ። ባንኮቹ ከፊት ይሰለፋሉ። እኛ ከኋላ ነን። ይህን ለሚገዛው ሰው ማንም አይነግረውም። ካርዱ ሂሳብ መክፈያው አጠገብ በሚያምር ፖስታ ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ሱቁ ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው እንኳ ይሸጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የተሻለ መሠረት ያላቸውም ተቸግረዋል። አር-ኢ-አይን ውሰዱ። በ1938 ሲያትል ውስጥ ተራራ የሚወጡ ጓደኛሞች ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማግኘት ብለው ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው። ደንቨር ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ሱቃቸው ድሮ የትራም ኃይል ማመንጫ የነበረ የ1901 ሕንፃ ነው፤ ለማየት ብቻ ቢኬድ እንኳ ደስ ይላል። እነሱም ከ2022 እስከ 2024 ሦስት ዓመት በተከታታይ ኪሳራ ገጠማቸው። ጃንዋሪ 2025 ላይ የጉዞና የሥልጠና ክፍላቸውን ዘግተው 428 ሠራተኞች አሰናበቱ። እንዴት ድንኳን እንደሚተከል፣ ካርታ እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። እንደ እኛ ከዜሮ ለጀመረ ሰው ትልቅ ጉድለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ገዢዎችም እጃችን አለበት። አር-ኢ-አይ እስከ 2013 ድረስ ዕቃን በፈለጉት ጊዜ መመለስ ይፈቅድ ነበር። ሰው ለዓመታት የለበሰውን፣ ሶሉ ያለቀውን ጫማ እየመለሰ ገንዘቡን ይወስድ ጀመር። ጊዜው ለአባላት አንድ ዓመት ሆነ። ሌላው የካምፒንግ ዕቃና ልብስ ሻጭ ኤል ኤል ቢንም በ2018 የዕድሜ ልክ መመለስን አስቀረ። ከእኛም ሰፈር ድንኳን ገዝቶ፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ አድሮበት፣ ሰኞ የሚመልስ አውቃለሁ። ጉብዝና አድርጎ ያወራዋል። ያ ዋጋ ዞሮ ዞሮ ጫማ በሚለኩት ሽማግሌ ደመወዝ ላይ ይመጣል።

ከሱቆቹ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕቃው ከሌለ የለም በሉ። መክፈል እያቃታችሁ ከሆነ ጊፍት ካርድ መሸጥ አቁሙ። የስልክ ሙዚቃውን ተዉትና ሰው አስቀምጡ። ኮሎራዶ ውስጥ ካርድ ላይ የቀረው 5 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ሕግ ነው። 61 ዶላር የቀረው ሰውስ? የሕግ አውጪዎቻችን ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ከእናንተ ከጋዜጣው ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ቤት ስለ መግዛት ትጽፋላችሁ፣ ስለ ታክስ ትጽፋላችሁ። እናቶቻችን በአማርኛ የሚያነቡት ስለ ገዢ መብት የሚናገር ዓምድ ይኑራችሁ። የምርቃት ሰሞን በየቤቱ ፖስታ ውስጥ የሚገባው ጊፍት ካርድ ነው። ካርድ ያላችሁ ዛሬውኑ ተጠቀሙበት በሏቸው። ትልቅ ዕቃ ሲገዙ በክሬዲት ካርድ እንዲከፍሉ ንገሯቸው፤ ዕቃው ካልደረሰ ባንካቸው ጋ አቤት ማለት ይችላሉ። ሊዘጋ ነው የተባለ ሱቅ ውስጥ ትልቁን የቅናሽ ጽሑፍ አይተው እንዳይሮጡ። ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የቀረውን ዕቃ ሸጦ ለመጨረስ የተቀጠረ ድርጅት ነው። መጀመሪያ ስልካቸው ላይ ሌላ ቦታ ስንት እንደሆነ ይዩ። እዚያ የተገዛ ነገር አይመለስም። ድንኳን ከሆነ ከመክፈላቸው በፊት ከፍተው ምሰሶዎቹን ይቁጠሩ።

እኔ ጫማዬን በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ አነስተኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ባልና ሚስት የሚሠሩበት ነው። ሃያ ዶላር ያህል ተወደደብኝ። ሚስትየዋ ግን ቁጭ አድርጋ ሁለቱንም እግሬን ለካች።

ልጅቷ ከሥራ ባልደረባዋ ድንኳን ተውሳ ወደ ግሬት ሳንድ ዱንስ ሄዳ መጣች። ካርዱን ለእናቷ ሰጥታታለች። እናቷ ባለፈው ቅዳሜ ግድቡ ዳር አውጥታ አሳየችን። 61 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቀርቶታል። በልኳ የዝናብ ጃኬት ከተገኘ ልንገዛበት፣ የሚመጣው ቅዳሜ ከእግር ጉዞው በኋላ ስምንታችንም አብረን እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ