የአምቡላንሱ መድኃኒት መኪና ውስጥ አይደር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ወሎ ውስጥ ጧት የደጋው የጉጉፍቱ ውርጭ ያገኘው አምቡላንስ ከሰዓት በኋላ ባቲ ቆላ ሊደርስ ይችላል። መኪናው ይችለዋል፤ የመድኃኒት ሳጥኑ ግን አይችለውም። ባቲም ሆነ ቆቦ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ኦክሲቶሲን ነው። እናት እንደወለደች ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው ይህ ባለ 10 ዩኒት መርፌ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሲመታው ኃይሉ ይደክማል፤ ፈሳሹ ግን እንደ ውሃ ኩልል እንዳለ ይቀራል። አዋላጇ ወግታ ደሙ አልቆም ሲላት፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ መሆኑን በምን ታውቃለች? አምፑሉ (መድኃኒቱ ያለበት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀንም የሚያገለግለው አቀማመጡ ካልተጓደለ ብቻ ነው። ለከባድ አለርጂ የሚወጋው አድሬናሊን ሲበላሽ ሮዝ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙ አልተለወጠም ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

ብርዱም የዋዛ አይደለም። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የአንጎል እብጠት ለመቀነስ በደም ሥር የሚሰጠው ማኒቶል ሲቀዘቅዝ እንደ ጨው ያለ ነገር ይቋጥራል፤ ተሞቆ ሙሉ በሙሉ ካልሟሟና ወደ ሰውነት ሙቀት ካልተመለሰ አይሰጥም።

ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት አይስ ፓኩን (ውሃ የተሞላውን የማቀዝቀዣ ፕላስቲክ) ከፍሪዘር አውጥቶ ወዲያው አምፑሉ ላይ መጫን ነው፤ ከሙቀት የተረፈውን በረዶ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ደርሷል። ከዚያ ላቡን ጠርጎ በቫክሲን ካሪየሩ (ክትባት በቅዝቃዜ በሚያዝበት ሳጥን) አራት ጎን ማቆም፣ አምፑሎቹን ከነካርቶናቸው መሐል ማስቀመጥ፣ ቴርሞሜትሩንም በረዶው ላይ ሳይሆን ከካርቶኑ ጎን ማድረግ ነው። ካሪየሩ ከሕመምተኛው አልጋ ሥር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ማደር የለበትም። ለጥሪ ሲወጣ በፊርማ ይውጣ፣ ሲመለስ በፊርማ ይግባ። ፋርማሲው ሌሊት ስለሚዘጋ ሁነኛ ቦታው የማዋለጃ ክፍሉ ፍሪጅ ነው። መኪና ውስጥ ሙቀት የመታውን ኦክሲቶሲን ግን ፍሪጅ መልሶ አያድሰውም፤ ጤና ጣቢያ ላይ ኃይሉን የሚለካ መሣሪያም የለም፤ ተለይቶ ይወገድ።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችን የምንጠይቀው ለየአምቡላንሱ አንድ ካሪየር፣ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ አንድ ቴርሞሜትርና የፊርማ መዝገብ ነው።

የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ ከደሴ