ከአገር ቤት ስለሚላኩ ጥቅሎች

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ከአዲስ አበባ የተላከላችሁ በርበሬና ሽሮ የት እንደቀረ እየጠየቃችሁን ነው። ብስጭታችሁ ይገባናል። እናት ደልዛ ያስፈጨችው በርበሬ መጋዘን ውስጥ ሲከርም ያማል።

አሜሪካ ከ800 ዶላር ያልበለጡ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ የሚገቡበትን አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማለች። በዚያ ሰሞን የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደዚህ የሚላክ ዕቃ መቀበል አቁመው ነበር። ቀረጡን ማን እንደሚሰበስብ እንኳ በቅጡ አልተነገራቸውም። ይህን ያህል ለውጥ በጥድፊያ መደረጉ ትክክል አልነበረም። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክን እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ግን ውሳኔው አልነካውም።

ስለዚህ ላኪዎቻችሁ በጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። «ምግብ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «የተፈጨ በርበሬ፣ 2 ኪሎ፣ ቤት የተዘጋጀ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ዋጋውም እውነተኛው ይሁን።

ቋንጣ ግን በፍጹም አይላክ። እዚህ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ከተገኘ ይወረሳል፣ አብሮት ያለውም ዕቃ ሊጉላላ ይችላል።

ደረሰኙን አደራ እንዳይጥሉት። የመከታተያ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ጥቅሉ ከጠፋ በፖስታ ቤት በኩል ፍለጋ የሚያስጀምረው ላኪው ነው፤ እናንተ እዚህ ብትመላለሱ መልስ አታገኙም።

ቅጹን መሙላት ለሚከብዳቸው ቤተሰቦች የተሞላ ናሙና እያዘጋጀን ነው። የሚፈልግ ለኮሚቴው ይንገር።

የማኅበሩ ኮሚቴ